እቁቡ ሳይበላ ዕቅዱ ይቅደም!

ሰሞኑን የካ ክፍለ ከተማ ማርኬቲንግ የሚያስተምር ወዳጄ ከአንዲት ተማሪው ጋር አገናኘኝ። ልጅቷ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ቅጠል ሳሙና ሠርታ ልትሸጥ አስባለች። መነሻው እናቷ በቅርቡ የሚደርሳቸው እቁብ ነው። «ሙሉውን ለዕቃ ላውጣው?» አለችኝ።

በፍጹም እህቴ! ክፍል ውስጥ «ምርት፣ ዋጋ፣ ቦታ፣ ማስተዋወቅ» ስትሉ ትከርሙና «ገዢው ማነው?» ስትባሉ ጭጭ! የምርት ዕቅድ የሚጀምረው ግን ከዚችው ጥያቄ ነው።

የዘነበወርቋን ቤተልሔም ጥላሁንን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሶልሬብልስን ስታቋቁም እኛ የምንንቀውን፣ ከአሮጌ ጎማ የሚሠራውን በረባሶ ነው የያዘችው። ላዩን በእጅ በተፈተለ ጥጥ አሳምራ ለውጭ ገዢ አቀረበችው። ነገሩ ያው ነው፤ የተለየው ገዢው ነው።

አንቺም መጀመሪያ አሥር ሳሙና ብቻ ሥሪ። ኮስቲክ ሶዳ ቆዳ ያቃጥላልና የኬሚስትሪ መምህርሽ አጠገብሽ ይሁኑ። ከዚያ ሾላ ገበያ ውጪ። ለአክስትሽ እንዳትሸጪ! አክስት መቼም «ጎበዝ» ከማለት ሌላ አታውቅም። ሒሳብ ስትሠሪ ዘይቱን፣ መጠቅለያውን፣ የታክሲውን፣ የራስሽንም ድካም ጻፊ። ቅጠሉም ቢሆን ነፃ አይደለም፤ ከእንጦጦ ተሸክመው ለሚወርዱት እናቶች የላባቸውን ክፈያቸው።

አንዴ የገዛ ሰው ተመልሶ «ሌላ አለሽ?» እስኪልሽ የእናትሽ እቁብ ባንክ ይቀመጥ። ወዳጄንም «ማርኩን ስጣት፣ ግን ለሸጠችው ሳይሆን ለተመለሰው ደንበኛ» ብዬዋለሁ። እሱም እያሰበበት ነው።