ሁለት ጊዜ የሚፈተሽ ትምህርት ቤት

እንግሊዝ አገር በሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል የካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲነሳ ቀድሞ የሚመሰገነው ሥነ ሥርዓቱ ነው። ምስጋናው ያለ ምክንያት አልመጣም። ልጅን ያህል አደራ የሚሰጥበት ቦታ ግን በዝና ብቻ አይመረጥም።

ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ የሚተዳደሩት በመንግሥት ገንዘብ ስለሆነ ክፍያ የለባቸውም። ተቆጣጣሪያቸው ግን ሁለት ነው። የመንግሥቱ ኦፍስቴድ ንባቡን፣ ሒሳቡን፣ የልጆቹን ጠባይና ደኅንነት ያያል፤ የሃይማኖት ትምህርቱን አይመዝንም። ያንን የሚመዝነው እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ የጀመረው የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ኢንስፔክቶሬት ነው።

የዚህ የሁለተኛው ተቆጣጣሪ ሪፖርት ብዙ ወላጅ የማይከፍተው ሰነድ ነው። የትምህርት ቤቱን የካቶሊክ ሕይወት፣ የሃይማኖት ትምህርቱንና የጋራ ጸሎቱን ለየብቻ ከ1 እስከ 4 ይመዝናል፤ 1 ከሁሉ የላቀው ነው። ቀጥሎ በደንብ የሚሠራውንና ማሻሻል ያለበትን ይዘረዝራል። እኔ ንባቤን የምጀምረው ከማሻሻያው ነው። «ተማሪዎች ጸሎት ራሳቸው አዘጋጅተው ይምሩ» የሚል ዓይነት ምክር ካለበት፣ ልጆቹ በጸጥታ ያዳምጣሉ እንጂ ገና አልተሳተፉም ማለት ነው። ጸጥታን ከትምህርት ጋር ማምታታት ደግሞ የእኛ የወላጆችም ድክመት ነው። መርማሪዎቹ የዚያው የካቶሊክ ቤተሰብ ሰዎች መሆናቸውም አይዘንጋ፤ ስለዚህ ከኦፍስቴድ ጋር ማስተያየት ግድ ይላል።

ከሁሉ የሚከብደኝ ድክመት ግን በሁለቱም ሪፖርቶች ውጤት ሆኖ አይወጣም፤ የቅበላው ጉዳይ ነው። ቦታ ሲጠብ ቅድሚያ የሚያገኘው የካቶሊክ ጥምቀት ያለው ልጅ ነው። የኦርቶዶክስ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በታች ይሰለፋሉ፤ ተራቸው ግን ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል። ትምህርት ቤቱን ከቤተ ክርስቲያንና ከቤተሰብ ጋር ያስተሳሰረው ጥንካሬ፣ አጥሩ ሥር የሚኖረውን ልጅ ደጅ ሊያስቀር ይችላል። ይህ ፍትሐዊ አይመስለኝም።

የካቶሊክ ጳጳሳቱ ለሃይማኖት ትምህርት ከክፍለ ጊዜው 10 በመቶ ይጠይቃሉ። ለአንዱ ወላጅ ይህ በረከት ነው፤ የማይፈልግ ወላጅ ግን ልጁን ከትምህርቱም ከጸሎቱም የማስወጣት ሕጋዊ መብት አለው።

የአንደኛ ደረጃ ማመልከቻ የሚዘጋው ጃንዋሪ 15 ነው። ከዚያ በፊት ሁለቱንም ሪፖርቶች አንብቡ፤ የቅበላ መመሪያውንም ጠይቁ። ትምህርት ቤቱ የራሱ ተጨማሪ ቅጽ ካለው ከካውንስሉ ማመልከቻ ሌላ ስለሆነ እሱንም ሞልታችሁ ለትምህርት ቤቱ አስገቡ።