ራውተርን አጥፍቶ ማብራት
ራውተርን አጥፍቶ ማብራት የቤት ኢንተርኔት የሚያከፋፍለው መሣሪያ ሥራውን አቁሞ እንደ አዲስ እንዲነሳ ማድረግ ነው። ራውተር ትንሽ ኮምፒውተር ሲሆን ጊዜያዊና ቋሚ ማኅደረ ትውስታ አለው። ሲጠፋ በጊዜያዊው ላይ የተጠራቀመው ሁሉ ይደመሰሳል፤ ሲበራ ፕሮግራሙንና ቅንብሩን ከቋሚው ያነባል። ስለዚህ ለብዙ ጊዜ ሳይጠፋ ሠርቶ የተጨናነቀ ራውተር ከዚያ በኋላ ሊፈጥን ይችላል።

ልማዱ ለደኅንነትም ይጠቅማል። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ቪፒኤንፊልተር የተባለ ጎጂ ፕሮግራም ቢያንስ በ54 አገሮች 500,000 ያህል ራውተሮችንና መሰል መሣሪያዎችን መበከሉ ታወቀ። የአሜሪካ የምርመራ ቢሮ ኤፍ ቢ አይ ባለቤቶቹ ራውተራቸውን አጥፍተው እንዲያበሩ መከረ። ይህም የፕሮግራሙን አደገኛ ክፍሎች ያስወግዳል፤ የመጀመሪያው ክፍል ግን በቋሚው ማኅደረ ትውስታ ላይ ስለሚቀር ተመልሶ ሊያወርዳቸው ይችላል። በ2015 ዓ.ም. የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ የቤት ራውተር ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ እንዲጠፋና እንዲበራ መክሯል።

ለዚህ ራውተሩን ከኤሌክትሪክ ነቅሎ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ መሰካት ይበቃል። ሶፍትዌሩ በሚታደስበት ጊዜ ግን ማጥፋት መሣሪያውን ሊያበላሽ ይችላል። በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ያለውን ቁልፍ ተጭኖ መያዝ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ራውተሩን ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ስለሚመልስ የዋይፋይ የይለፍ ቃሉንና የአገልግሎት ሰጪውን ቅንብር ያጠፋል።

በየቀኑ ካልጠፋና ካልበራ የማይሠራ ራውተር ሌላ ችግር አለበት። መንስኤው የመሣሪያው መጋል፣ የቻርጀሩ መድከም፣ የመስመር ብልሽት ወይም ያልታደሰ ሶፍትዌር ሊሆን ይችላል።