የዒላማ ጥይት አመራረጥ፦ አምስት ቀዳዳ ለምን አይበቃም?



በኦሊምፒክ የ50 ሜትር ጠመንጃ ውድድር ዐሥር ነጥብ የምታስገኘው ክብ ስፋቷ 10.4 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የሚተኮሰው ባለ 5.6 ሚሊሜትር ጥይት ማቀጣጠያ ቅመሙን የሚይዘው በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ነው። ቅመሙ በጠርዙ ዙሪያ እኩል ካልተዳረሰ የባሩዱ አነዳደድ፣ ከርሱም ጋር ፍጥነቱ፣ ከጥይት ጥይት ይለያያል።

ልዩነቱን እናስላው። በሰከንድ 325 ሜትር የሚወጣ አረር ዒላማው እስኪደርስ በስበት 12 ሴንቲሜትር ያህል ይወርዳል። ፍጥነቱ በ10 ሜትር ቢቀንስ ከ7 ሚሊሜትር በላይ ተጨማሪ ዝቅ ይላል፤ ተኳሹ ግን አልተሳሳተም።

ፈጣኑን መምረጥም መፍትሔ አይደለም፤ የድምፅን ፍጥነት የሚያልፈውን አረር አየሩ ይበልጥ ስለሚያዘገየው የጎን ነፋስ አብዝቶ ይገፋዋል።

ዋጋና ስም ይረዳሉ እንጂ አይወስኑም። የአንድ ፋብሪካ ሁለት የምርት ምድቦች እንኳ በአንድ አፈሙዝ ይለያያሉና በራስ ጠመንጃ መሞከር ግድ ነው። እኔ በዚህ ተሳስቻለሁ። በውጭ አገር ተማሪ ሳለሁ ከስድስት ምድቦች አምስት አምስት ተኩሼ፣ ቀዳዳዎቹ እጅግ የተቀራረቡበትን ምድብ በተማሪ ኪሴ ሙሉ ሣጥን ገዛሁ። ኋላ ሃምሳ ብተኩስበት ከሌሎቹ የተሻለ አልነበረም፤ የመረጥሁት ጥይቱን ሳይሆን ዕድሉን ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ ከየምድቡ ቢያንስ ሠላሳ እተኩሳለሁ። የምለካውም የሁለቱን ዳርቻ ቀዳዳዎች ርቀት ሳይሆን፣ ሁሉም ከመካከላቸው ያላቸውን አማካይ ርቀት ነው። ምድብ ስቀይር የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጥይቶች አልቆጥርም፤ የቀድሞው ቅባት በአፈሙዙ ውስጥ ይቀራልና።