አንድ ጋዜጣ ለሰፈር ሁሉ

የዌሊንግተኑ መስፍን የፈለገው ቀላል ነገር ነበር፤ መጠጥ ቤት ደጃፍ ቁጭ ብለው የጥንት ዘመቻቸውን የሚያወጉ ሽማግሌ ወታደሮች። ይህን ሥዕል በ1816 (እ.ኤ.አ.) ያዘዘው ስኮትላንዳዊውን ዴቪድ ዊልኪን ነው። ሠዓሊው ግን ወግ ብቻውን ሰው አይሰበስብም ብሎ ሳያስብ አልቀረም፤ መሐላቸው ጋዜጣ አስገባ።

ጋዜጣውም ተራ ዕትም አይደለም። መስፍኑ ናፖሊዮንን ዋተርሎ ላይ ድል ያደረገው ሰኔ 18 ቀን 1815 ነበር። የድሉን ደብዳቤ ይዞ የገሰገሰው ሻለቃ ሄንሪ ፐርሲ በ21 ምሽት ለንደን ገባ፤ በማግስቱ የመንግሥቱ ጋዜጣ ‹‹ለንደን ጋዜት›› በልዩ ዕትም አወጣው። ዊልኪ የሣለው ይኸው ዕትም ቼልሲ፣ ከጦር ጡረተኞቹ መኖሪያ አቅራቢያ ሲደርስ ነው።

ወሬውን ያመጣው ፈረሰኛ ገና ከኮርቻው አልወረደም። አንድ ሽማግሌ ጋዜጣውን ዘርግቶ ያነባል፤ ሌሎቹ ተደራርበው ጆሯቸውን ይሰጣሉ። ዛጎል የምትፈለቅቅ ሴት አለች፤ ሕፃን ወደ ላይ አንሥቶ የሚፈነድቅ ወታደርም አለ። ከዘበኛው ክፍለ ጦር የሙዚቃ ጓድ የመጣው ጥቁር ወታደር፣ ሠዓሊው ራሱ በሰጠው መግለጫ መሠረት፣ በአብዮቱ ጊዜ ፈረንሳይ ነበር። ከአንባቢው አጠገብ ግን አንዲት ሴት አንገቷን አስግጋ ጽሑፉን ታያለች። ፊቷ ላይ ፌሽታ የለም፤ ዓይኗ የሟችና የቁስለኛውን ዝርዝር የሚፈልግ ይመስላል። እሷ ባትኖር ሥዕሉ የድል ከበሮ ብቻ በሆነ ነበር።

አንዱ እያነበበ ሌላው የሚሰማው ለጨዋታ ብቻ አልነበረም። በዚያ ዓመት አንድ የለንደን ዕለታዊ ጋዜጣ 7 ፔኒ ያህል ያወጣ ነበር፤ ከዚህ ውስጥ 4ቱ የመንግሥት የቴምብር ቀረጥ ነው። ጡረተኛ ኪስ ይህን አይችልም። ማንበብ የማይችለውም ብዙ ነበርና በመጠጥ ቤት ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ተፈላጊ ነበር። ቀረጡ ጨርሶ የተነሣው በ1855 ነው።

ሥዕሉ በ1822 በሮያል አካዳሚ ዐውደ ርእይ ሲታይ ሕዝቡ ከመጋፋቱ የተነሣ መከላከያ አጥር ተደረገለት። መስፍኑ 1,260 ፓውንዱን በባንክ ኖት እየቆጠረ ከፈለ። ቼክ ያልጻፈው የባንክ ጸሐፊዎች ለአንድ ሥዕል ይህን ያህል ገንዘብ ማፍሰሱን አይተው እንዳይስቁበት ነው ይባላል።

ባሕረኞቹም አልተረሱም። የዊልኪን ሥዕል ቀርጾ በ1831 በኅትመት ያሰራጨው ጆን በርኔት፣ ቆየት ብሎ የግሪኒች ጡረተኛ መርከበኞች የትራፋልጋርን የባሕር ውጊያ መታሰቢያ ሲያከብሩ ሣለ። እዚህ ዜና አብሳሪ አያስፈልግም፤ ታሪኩ የራሳቸው ነው። ሁለቱም ሥዕሎች ዛሬ በመስፍኑ የለንደን መኖሪያ፣ በአፕስሊ ሃውስ ይገኛሉ። የግሪኒቹ መጦሪያ በ1869 ተዘጋ፤ የቼልሲው ግን አሁንም ቀይ ካፖርት የለበሱ አዛውንት ወታደሮች ይኖሩበታል።