የቡና አድርቅ በሽታ

የቡና አድርቅ በሽታ የቡናን ተክል ከውስጥ አድርቆ የሚገድል የፈንገስ በሽታ ነው። አምጪው ፉዛሪየም ዛይላሪዮይድስ የሚባል ፈንገስ ሲሆን፣ በሽታው መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1927 በዛሬዋ የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1957 ቢመዘገብም ያኔ ሌላ የፉዛሪየም ዓይነት ነው ተብሎ ነበር፤ ትክክለኛው አምጪ የተለየው በ1973 ነው። በኢሉባቦር፣ ማለትም በመቱ፣ በጎሬ፣ በሁሩሙና በያዩ አካባቢ፣ ቡና በጫካ ብቻ ሳይሆን በየቤቱ ጓሮ ስለሚለማ የታመመው ተክል አወጋገድ የየቤተሰቡ ጉዳይ ነው።

ምልክቶቹ

ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ይቢጫል፣ ከዚያም ይረግፋል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በአንድ ወገን ነው። ግንዱ ከሥሩ አጠገብ ሲፋቅ ከቅርፊቱ ሥር ቡናማ ወይም ሰማያዊ ጥቁር መስመር ይታያል። በድርቅ ብቻ የጠወለገ ቡና ይህ መስመር የለውም። ፈንገሱ የሚኖረው ውሃ በሚያመላልሱት ቱቦዎች ውስጥ በመሆኑ ከውጭ የሚረጭ መድኃኒት አያድነውም።

አወጋገድ

የሚመከረው ተክሉን ከነሥሩ ነቅሎ እዚያው በቆመበት ቦታ ማቃጠል ነው። ይህን ማድረግ ከባድ ነው፤ ግማሽ ጎኑ ገና አረንጓዴ የሆነና ፍሬ የያዘ ቡና መንቀል ማንንም ያሳሳል። ሲደርቅ ደግሞ ጥሩ ማገዶ ይሆናል። ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ፈንገሱ በሞተው ግንድ ቅርፊት ላይ ጥቃቅን ጥቁር የዘር ከረጢቶች ያወጣል፤ ከእነዚህ የሚወጣው ዘር በነፋስና በዝናብ ይዛመታል። ስለዚህ ደረቁን ግንድ በጓሮው መካከል እየጎተቱ ወደ ማዕድ ቤት መውሰድ፣ ለአጥር መትከል ወይም ለጎረቤት መስጠት በሽታውን ማጓጓዝ ነው።

የአካባቢው ዝናብ ሥራውን ያከብደዋል። ጎሬ በዓመት 2000 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ በክረምት የተነቀለ ግንድ በቀላሉ አይነድም። እስኪደርቅ ብሎ ከምሮ ማቆየት ግን እርጥበት ለሚወደው ፈንገስ ይመቸዋል። ሥሩ የወጣበትን ጉድጓድ እንደ ምድጃ ተጠቅሞ፣ ደረቅ እንጨት ከሌላ ቦታ አምጥቶ ማቀጣጠል ይሻላል። እሳቱ ከጥላ ዛፍ ሥርና ከቤት መራቅ አለበት።

ያረጀ ጤነኛ ቡና ተጎንድሎ እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ይደረጋል። በአድርቅ የተያዘውን መጎንደል ግን አይጠቅምም፤ ጉቶው ከነሥሩ በሽታውን ይዞ ይቀራል። በሌላ በኩል፣ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ በኢትዮጵያ የሚታወቀው የቡና ፍሬ በሽታ ፍሬውን እንጂ ዛፉን ስለማይገድል፣ ፍሬው ጠቁሮ ስለታየ ብቻ ዛፉን መንቀል ስህተት ነው።

መሣሪያና መልሶ መትከል

ፈንገሱ በቁስል በኩል ይገባል፤ ዋነኛው አቁሳይ ደግሞ አረም ሲመነጠር የግንዱን ሥር የሚነካው ገጀራ ነው። ከግንዱ አጠገብ ያለውን አረም በእጅ መንቀል ይመረጣል። የታመመ ቡና የነካ ገጀራ ወይም መጋዝ ወደ ሌላው ከመሄዱ በፊት ስለቱ በእሳት ይለበለባል፣ ወይም በአልኮል ይታበሳል። በተቃጠለው ቦታ ወዲያው ቡና አይተከልም፤ ምክሮቹ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት መጠበቅን ያዛሉ። እስከዚያው መሬቱ ለጎመን ወይም ለበቆሎ ሊውል ይችላል፤ ሲቆፈር ግን የአጎራባቹን ቡና ሥር አለመንካት ያስፈልጋል።