ገበያ በሚቀዘቅዝበት ወራት ከሕፃናት ጋር መናፈሻ መጎብኘት
ለካፋ ነጋዴዎችና ለቦንጋ ባለሆቴሎች የቀረበ ምክር



የንግድ ሰው ዓመቱን የሚቆጥረው በገበያው ጭምር መሆኑ የታወቀ ነው። በካፋ ምድር ቡና ከመስከረም ማገባደጃ ጀምሮ እየተለቀመ እስከ ታኅሣሥና ጥር ድረስ ነጋዴውን፣ ሾፌሩንና ባለመጋዘኑን ዕረፍት ይነሣቸዋል። ማር ደግሞ በግንቦትና በሰኔ አካባቢ ወደ ገበያ ይገባል። በእነዚህ በሁለቱ ምርቶች መካከልና ከእነርሱም በኋላ ሚዛኑ ባዶውን የሚውልባቸው፣ ባለሱቁም በባንኮኒው ላይ ክንዱን አስደግፎ መንገድ የሚመለከትባቸው ሳምንታት አሉ። ብዙዎቻችን እነዚህን ሳምንታት እንደ ኪሳራ እንቆጥራቸዋለን። ይሁን እንጂ ለአንድ ወገን ከዓመቱ ሁሉ የሚመቹት እነዚሁ ናቸው። ይኸውም ወገን ለትምህርት ያልደረሰው ሕፃን ነው።

ድክ ድክ ከሚለው የሁለት ዓመት ልጅ አንሥቶ አንደኛ ክፍል ለመግባት እስከሚጠባበቀው የስድስት ዓመት ልጅ ድረስ ያሉት ሕፃናት በትምህርት ቤት ደወል ብዙም አይታሰሩም። ታላላቆቻቸው በክፍል ውስጥ በሚውሉበት ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ወላጅ እነርሱን ይዞ ወደ መናፈሻ ቢሄድ፣ ሰልፍም ግፊያም የሌለበት ስፍራ ያገኛል። የነጋዴው የሥራ መቀዝቀዣና የሕፃኑ ነፃ ጊዜ በአንድ ላይ ሲገጥሙ ሳይጠቀሙበት ማሳለፍ የሚያስቆጭ ነው፤ ልጅነት እንደ ቡና በየዓመቱ ተመልሶ አያፈራምና። ባለሆቴሉና ባለሱቁ ደግሞ ይህን ቤተሰብ ለመቀበል ቢሰናዱ፣ ባዶ የሚያድረው ክፍል ገቢ ሊያስገኝ ይችላል።

የውጭ አገር ልምድ

በዓለም የታወቀው የዲዝኒላንድ መናፈሻ በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። መሥራቹ ዋልት ዲዝኒ እንደ ተናገረው፣ አሳቡ የመጣለት ሁለት ሴት ልጆቹ በሚሽከረከሩ የእንጨት ፈረሶች ላይ ሲጫወቱ እርሱ በአግዳሚ ወንበር ተቀምጦ ሲጠብቃቸው ነበር። ወላጅና ልጅ በአንድነት የሚደሰቱበት ስፍራ መኖር አለበት ሲል አሰበ። ይህም ትልቅ መናፈሻ እንኳ ለብዙ ዓመታት፣ ጎብኚ በሚያንስባቸው ወራት ሰኞና ማክሰኞ ይዘጋ ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ መከፈት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የመግቢያ ዋጋውን እንደየቀኑ ለያይቶ፣ ጎብኚ በሚያንስባቸው ቀናት ዝቅ፣ በሚበዛባቸውም ከፍ አደረገ። ከ3 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት የሚገቡት በነፃ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ የቀዘቀዘ ወር በዋጋና በመስተንግዶ ሊነቃቃ ይችላል። ሁለተኛ፣ ሕፃኑን በነፃ ያስገባ ድርጅት የሚያገኘው አባቱንና እናቱን፣ አንዳንድ ጊዜም አያቱን ጭምር ነው።

ከቦንጋ ወደ አዲስ አበባ

ለካፋ ነጋዴ ቤተሰብ የተሻለው ጊዜ ቡናው ከተሸኘ በኋላና ማሩ ከመግባቱ በፊት፣ በየካቲት ማለቂያና በመጋቢት ነው። ይህ ወራት ብዙውን ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል፤ በጾሙም ሠርግና ድግስ ስለሚቀር የመዝናኛ ስፍራዎች ጸጥ ይላሉ። የረመዳን ወር በየዓመቱ ስለሚዘዋወር እስላም ወገኖቻችን ቀኑን አስቀድመው ማመሳከር ይኖርባቸዋል።

በአዲስ አበባ ከሕፃናት ጋር ለሚሄድ ሰው ሁለት ስፍራዎችን እንጠቁማለን። የመጀመሪያው በታላቁ ቤተ መንግሥት ቅጥር ውስጥ የሚገኘውና መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. የተመረቀው አንድነት ፓርክ ነው። ዐዋቂው የነገሥታቱን አዳራሾች ሲመለከት፣ ልጁ ጎፈረ ጥቁሮቹን አንበሶች ያያል። ሁለተኛው ከዚያው ሳይርቅ የሚገኘው ወዳጅነት ፓርክ ሲሆን፣ በውስጡ የልጆች መጫወቻና ሰው ሠራሽ ሐይቅ አለው። ሁለቱን በአንድ ቀን ለመጨረስ መሞከር ግን ስሕተት ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ከሁለት ሰዓት በላይ በደስታ አይጓዝም። በማለዳ አንዱን ጎብኝቶ፣ ምሳ አብልቶ፣ በቀትር ማስተኛትና ሁለተኛውን ለማግሥቱ ማቆየት ይበልጣል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለው ነው።

የቢሾፍቱን የኩሪፍቱ የውኃ መናፈሻ የሚያስብ ቤተሰብ ደግሞ ፀሐያማ ቀን ይምረጥ። በክረምት ውኃው ሕፃኑን ቶሎ ያበርደዋልና። በማናቸውም መናፈሻ ትልልቆቹ መጫወቻ ማሽኖች የሚፈቀዱት በቁመት ልክ እየታየ ስለሆነ፣ ለሕፃኑ የሚሆኑት ቀስ ብለው የሚዞሩት ብቻ ናቸው። ልጁን «ትንሽ ነህ» ተብሎ በሰው ፊት ከመመለስ ለማዳን፣ ወላጁ ከሰልፉ አስቀድሞ የመለኪያውን ሰሌዳ መመልከት ይገባዋል። የሚከፈትበትን ቀንና የመግቢያውን ዋጋ በስልክ መጠየቅም ከብዙ ድካም ያድናል።

ቦንጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ስላላቸው፣ የቦንጋ ልጅ የከተማው ብርድ ይሰማዋል። በመጋቢትም ቢሆን ሹራብና ካልሲ መዘንጋት አይገባም።

ከአዲስ አበባ ወደ ቦንጋ

ወደ ካፋ የሚመጣ ጎብኚ የሚሽከረከር መንኰራኵር ፈልጎ አይመጣም። የካፋ መናፈሻ ደኑ ነው። ይህ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ሰፍሯል። ቦንጋም በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት የክልሉ መቀመጫ ሆናለች። የጎብኚ ወቅት የሚባለው ዝናቡ የሚያንስበት ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው፤ በክረምት ግን ሆቴሎች ይቀዘቅዛሉ።

የአዲስ አበባ ወይም የጅማ ነጋዴ መቼ ይምጣ? ሐምሌ የሒሳብና የግብር ወር ስለሆነ አይመችም። ከነሐሴ 20 በኋላ ደግሞ የዕንቍጣጣሽና የትምህርት መክፈቻ ገበያ ይጀምራል። ስለዚህ የሚቀሩት የነሐሴ የመጀመሪያዎቹ ሃያ ቀናት ናቸው። ታላላቆቹም ልጆች በዚህ ጊዜ ትምህርት ስለሌላቸው ቤተሰቡ ሳይከፋፈል መጓዝ ይችላል።

በእነዚህ ቀናት ከሕፃን ጋር ምን ይታያል? በከተማው የብሔራዊ ቡና ሙዚየም አለ። የአራት ዓመት ልጅ የግድግዳውን ጽሑፍ አያነብም፤ ከሙዚየሙ በኋላ በአንድ የቡና ዛፍ ሥር ቢቆም ግን ፍሬው በነሐሴ ገና አረንጓዴ መሆኑን ያያል፤ ቤቱ የሚፈላው ቡና ለምን ጥቁር እንደ ሆነም ይጠይቃል። ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት ለዕድሜው አያስፈልገውም። በዛፎቹ ላይ የሚዘሉት ጉሬዛዎች ከማናቸውም ማሽን ይልቅ ያስቁታል። እ.ኤ.አ. በ2012 በካፋ ደን ውስጥ አንበሳ መኖሩ በፎቶግራፍ ተረጋግጧል፤ ሕፃን አንበሳ ማየት ያለበት ግን በአንድነት ፓርክ ነው።

የባርታ ፏፏቴና የእግዜር ድልድይ የካፋ ጌጦች ናቸው። ነገር ግን በክረምት የእግር መንገዱ ስለሚያዳልጥ፣ ሕፃን የያዘ ሰው ለበጋው ቢያቆያቸው ይሻላል። የግድ የሚሄድ ቢኖር ልጁን በአንቀልባ አዝሎ፣ መንገዱን የሚያውቅ የአካባቢው ሰው ይዞ፣ በማለዳ ይሂድ፤ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ይበረታልና። የሕፃን ጋሪ በጭቃ ላይ ስለማይሄድ ከቤት መቅረቱ ይመረጣል።

በመንገድና በማዕድ ላይ ስለሚደረግ ጥንቃቄ

ከአዲስ አበባ እስከ ቦንጋ ያለው መንገድ በወሊሶ፣ በወልቂጤና በጅማ በኩል 460 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን በአንድ ቀን መጓዝ ለሾፌሩ የተለመደ ሊሆን ይችላል፤ ለሕፃኑ ግን ቅጣት ነው። ጅማ ላይ አድሮ፣ ጅሬን ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አሳይቶ፣ ማግሥቱን ጎጀብን ተሻግሮ መግባት ይገባል። እስከ ጅማ በአውሮፕላን መምጣትም ይቻላል። ከመነሣት በፊት የመንገዱን ደኅንነት መጠየቅ፣ በሌሊትም አለመጓዝ የግድ ነው።

ቆሎ የመንገድ ስንቃችን ቢሆንም ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ በተለይ በሚሄድ መኪና ውስጥ መስጠት አደገኛ ነው፤ ጉሮሮውን ሊያንቀው ይችላልና። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ የካፋን ቸርነት የሚመለከት ነው። እንግዳ ተቀባዩ የካፋ ሰው ለመጣው ሁሉ ማር ያቀርባል። ይሁን እንጂ የሕክምና ባለሙያዎች አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር ጨርሶ እንዳይሰጥ ያዝዛሉ። በማር ውስጥ ሊገኝ የሚችል አንድ ዓይነት ጀርም ዐዋቂውን ሳይጎዳ፣ በሕፃኑ አንጀት ውስጥ ግን መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። ይህም የማሩን ክብር አይቀንስም፤ ማር ነጋዴው ራሱ ለገዢው ቢነግረው እምነትን ያተርፋል።

ቆላማው የካፋ ክፍልና የጎጀብ ሸለቆ ወባ ያለባቸው ናቸው፤ ቦንጋም ብትሆን ከወባ ከፍታ በላይ አይደለችም። ወባው ይበልጥ የሚበረታው ከክረምት መውጣት በኋላ ቢሆንም ሕፃን ያለ አጎበር ማደር የለበትም። ከጉዞ በኋላ ትኩሳት የታየበት ልጅም ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ለባለሆቴል፣ ለባለሱቅና ለአስመጪ

ሕፃን የያዘ ቤተሰብ የሚፈልገው ጥቂት ነገር ነው፤ ያን ጥቂት ነገር ያጣበት ከተማ ግን ዳግመኛ አይመለስም። ባለሆቴሉ የሚከተሉትን ቢያሟላ ብዙ ወጪ አይጠይቀውም።

1ኛ. ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ በማናቸውም ሰዓት ማቅረብ፤
2ኛ. በመኝታው ላይ ያልተቀደደ አጎበር መስቀል፤
3ኛ. እርጥብ ልብስ የሚደርቅበት ከዝናብ የተጠለለ ስፍራ ማዘጋጀት፤
4ኛ. በርበሬ የሌለበት ገንፎ፣ አጥሚትና እንቁላል በማለዳ ማቅረብ፤
5ኛ. ለሕፃኑ የአልጋ ዋጋ አለመጠየቅና የነሐሴን ዋጋ ከጥር ዝቅ አድርጎ በግልጽ መለጠፍ።

ባለሱቁም ዳይፐርን በትልቁ እሽግ ብቻ ሳይሆን በጥቂት በጥቂቱ ይሽጥ፤ በትንንሽ ቁጥር የላስቲክ ቦት ጫማ፣ የልጅ ጃንጥላና ካልሲ በመደርደሪያው ላይ ይኑረው። አስመጪዎች ለመኪና የሚሆነውን የሕፃን መቀመጫ በክፍላተ ሀገርም እንዲገኝ ቢያደርጉ ለራሳቸው ትርፍ፣ ለአገርም ደኅንነት ነው።

ላኪዎችም ከዚህ ገበያ ውጭ አይደሉም። በአንድ ክንዱ ልጅ የታቀፈ አባት በሌላው ጀሪካን ማር ሊሸከም አይችልም። ግማሽ ኪሎ ማር ክዳኑ በጠበቀ ዕቃ፣ ሩብ ኪሎ የተቆላ ቡና በታሸገ ከረጢት፣ ጥቂት ኮረሪማም በአነስተኛ እሽግ ቢቀርብለት ግን ሁሉንም ይገዛል፤ ለጎረቤቱም ያሳያል። ወደ ሩቅ አገር ለመላክ የተማርነውን አስተሻሸግ በደጃችን ላለፈው መንገደኛ ብንጠቀምበት ትርፉ ለራሳችን ነው።

እንግዲህ የቦንጋ ባለሆቴሎችና ባለሱቆች የመጪውን ነሐሴ ሃያ ቀናት ለዚህ ሙከራ ቢመድቡ መልካም ነው። ያደሩትን ቤተሰቦች፣ የተሸጠውን ዕቃ፣ እንግዶቹም ጠይቀው ያጡትን ነገር ሁሉ በመዝገብ ይጻፉ። በጳጕሜን ሒሳቡን ሲያስተያዩ፣ ለሚቀጥለው ክረምት ምን ማዘዝ እንደሚገባቸው መዝገቡ ራሱ ይነግራቸዋል።