የአያት የአደን ቢላ ሲወለወል ዋጋው ለምን ይወርዳል?

እ.አ.አ በ1930ዎቹ በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ በዋሉን ሐይቅ ዳርቻ፣ ቦ ራንዳል አንድ ሰው በቢላ የጀልባ ቀለም ሲፍቅ ተመለከተ። ስለቱ ግን አልተጎዳም። ቢላው የዊልያም ስኬግል የእጅ ሥራ ነበር። በዚያ የተመሰጠው ራንዳል ኋላ ራሱ ስመ ጥር ቢላ ሠሪ ሆነ።

ዛሬ የስኬግል ቢላዎች፣ እንዲሁም በዚያው ግዛት በግላድስቶን ከተማ የተሠሩት የማርብልስ የአደን ቢላዎች በሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ ይፈለጋሉ። አብዛኞቹ የማይታጠፉ ሲሆኑ የብዙዎቹ እጀታ ተነባብረው ከተጨመቁ የቆዳ ቁራጮች የተሠራ ነው።

ሰብሳቢ በቅድሚያ የሚመለከተው ከስለቱ ሥር የተመታውን የሠሪውን ማኅተም ነው። የማኅተሙ ጽሑፍና ቅርጽ በየዘመኑ በመለዋወጡ ቢላው መቼ እንደተሠራ ይጠቁማል። ቢላውን ከአያቱ የወረሰ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚቸኩለው ለማሳመር ነው። በማሽን ሲወለወል ማኅተሙ ይደበዝዛል፤ የስለቱ የቀድሞ ቅርጽም ይለወጣል። ተፍቆ የሄደ ብረት ደግሞ አይመለስም።

ሌላው ስውር ጠላት አፎቱ ነው። ቆዳ የሚለፋባቸው ኬሚካሎችና ቆዳው የሚይዘው እርጥበት ብረቱን ለዝገት ይዳርጋሉ። ስለዚህ ቢላው ስስ ዘይት ተቀብቶ ከአፎቱ ውጭ ቢቀመጥ ይመረጣል። አፎቱ ግን አይጣልም፤ ከመጀመሪያው አብሮት የነበረ ከሆነ የቢላውን ዋጋ ከፍ ያደርጋል።